ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም፦ የቆዳው፣ የምጣዱና የበር ማጠፊያው ዘይት በምን ይለያሉ?

ሰሞኑን ጎረቤቴ ከገበያ የገዛቻቸውን ሦስት ጠርሙሶች ይዛ ቤቴ መጣች። የምንኖረው ሱሉልታ ዳር ነው። እዚህ ጥቅምት ከገባ ጀምሮ ነፋሱ ከንፈርና ተረከዝ ይሰነጥቃል፣ የልጆች ጉንጭ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ስለዚህ በየቤቱ የሚቀባ ነገር ይፈለጋል። አንደኛው ጠርሙስ ላይ «የኑግ»፣ ሁለተኛው ላይ «የጥቁር አዝሙድ»፣ በጣም ትንሹ ላይ ደግሞ «የባሕር ዛፍ ዘይት» የሚል በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ሻጯ «ሦስቱም የተፈጥሮ ናቸው፤ ለፊትም፣ ለፀጉርም፣ ለሕፃንም ይሆናሉ» ብላ ነው የሸጠችላት።

ጎረቤቴ የጠየቀችኝ «የትኛው ይሻላል?» ብላ ነው። ትንሿን ጠርሙስ ከፍቼ ሳሸታት ግን ሐሳቤ ወደ ሌላ ነገር ሄደ፤ ሴትዮዋ የስምንት ወር ሕፃን አላት። ሦስቱን ጠርሙሶች ለማወዳደር መጀመሪያ አንድ ዓይነት ነገር መሆን ነበረባቸው፤ እነሱ ግን አንድ አይደሉም። አማርኛችን ሁሉንም «ዘይት» ብሎ ስለሚጠራቸው ብቻ ነው አንድ መደርደሪያ ላይ የተቀመጡት። ይህን ማብራሪያ የጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩት ሁለቱ ነገሮች ምንድን ናቸው?

ተክል ዘይት የሚያዘጋጀው ለራሱ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛው ስንቅ ነው። የኑግ ፍሬ መሬት ውስጥ ሆኖ ቅጠል አውጥቶ ከፀሐይ መመገብ እስኪጀምር ድረስ የሚበላው ያስፈልገዋል። ይህን ስንቁን በቅባት መልክ ፍሬው ውስጥ ያከማቻል። ሰሊጥ፣ ተልባ፣ ጎመን ዘር፣ ሱፍ፣ ጉሎ፣ ጥቁር አዝሙድም እንዲሁ ያደርጋሉ። ፍሬውን ስንጨምቀው የሚወጣው ይኸው ስንቅ ነው፦ ወፈር ያለ፣ የሚያሟልጭ፣ በአየር ላይ ቢቀመጥ የማይተን። እዚህ ላይ «ተጨማቂ ዘይት» ልበለው።

ሁለተኛው ጦር ነው። ባሕር ዛፍ ቅጠሉን ተባይም ከብትም እንዳይበላው ጠረኑ ኃይለኛ የሆነ ፈሳሽ በቅጠሉ ውስጥ በጥቃቅን ከረጢቶች ይቋጥራል። ደረቅ ቅጠሉን ለምጣድ ማገዶ ያደረገ ሰው ይህን ፈሳሽ ያውቀዋል፤ እሳት ሲነካው ተንጣጥቶ ብው የሚለው በእሱ ምክንያት ነው። ጠጅ ሣር፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ዕጣን፣ ሁሉም የየራሳቸው ጦር አላቸው። ይህ ፈሳሽ ቀላል ነው፤ ይተናል፤ አፍንጫችን የሚያውቀውም ስለሚተን ነው። «ተናኝ ዘይት» እንበለው። በኬሚስትሪ መልኩ ከቅባት ጋር ዝምድና የለውም ማለት ይቻላል፤ ውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ብቻ ነው ዘይት የተባለው።

አወጣጡም እንደዚያው የተለያየ ነው። ተጨማቂው በመጭመቂያ ይጨመቃል፤ ዘይቱ ወጥቶ የሚቀረው ፋጉሎ ለከብት ይሄዳል። ተናኙ የሚወጣው ግን አረቄ በሚወጣበት መንገድ ነው። ቅጠሉ ውስጥ እንፋሎት ያልፋል፤ እንፋሎቱ ጠረኑን ይዞ ይወጣል፤ በቧንቧ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያም ውኃው ከታች፣ ዘይቱ ከላይ ሆነው ይለያያሉ።

የመጠኑ ልዩነት ነው ትልቁን ነገር የሚነግረን። ከ100 ኪሎ ኑግ እንደ ዘሩ ጥራት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ገደማ ዘይት ይገኛል። ከ100 ኪሎ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚገኘው ግን ከ1 እስከ 2 ኪሎ ገደማ ነው። ትንሿ ጠርሙስ ውስጥ ያለው እንግዲህ በብዙ እጥፍ የተከማቸ ጦር ነው። እናቶቻችን በጉንፋን ጊዜ ሦስት አራት ቅጠል አፍልተው ሲያጥኑን የነበረውና ይህ ጠርሙስ፣ ጠላና አረቄ የተለያዩትን ያህል ይለያያሉ።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልጨምር። ተናኝ ዘይት በየሱቁ «ኢሴንሻል ኦይል» ይባላል፤ ይህን ቃል በስልክ የሚያስተረጉሙ ሰዎች ደግሞ «አስፈላጊ ዘይት» ብለው ሲጽፉ አያለሁ። ትርጉሙ ስህተት ነው፤ ስህተቱም ሰው ይጎዳል። ቃሉ የመጣው ከ«ኢሴንስ» ነው፤ የተክሉ ጠረን፣ የተክሉ ፍሬ ነገር እንደማለት። ለሰው አስፈላጊ ነው ማለት አይደለም። «አስፈላጊ» የሚለውን አይታ ለልጇ በማንኪያ የምትሰጥ እናት ብትኖር ጥፋቱ የእሷ አይሆንም።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ በቤት ውስጥ ማወቅ ይቻላል?

ይቻላል፤ የደብተር ወረቀት ይበቃል። አንድ ጠብታ ወረቀቱ ላይ ጣል ያድርጉና እስከ ማግስቱ ይተዉት። ተጨማቂ ዘይት ወረቀቱን ብርሃን አሳላፊ የሚያደርግ የቅባት ቀለበት ትቶ ይቆያል። ተናኝ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ተኖ ያልቃል፤ ምልክቱ በጣም ትንሽ ነው ወይም የለም። እንደ ዕጣን ካሉ ሙጫዎች የሚወጣው ትንሽ ዱካ ሊተው ይችላል።

በጎረቤቴ ጠርሙሶች ሞከርነው። የኑጉ ሰፊ ቀለበት ተወ። የባሕር ዛፉ ጠዋት ላይ የት እንደተጣለ እንኳ ለማግኘት አስቸገረን፤ ስለዚህ እውነተኛ ተናኝ ዘይት ነው፤ ቀድቶ ሕፃን ማሸት አይቻልም። የጥቁር አዝሙዱ ቀለበትም ተወ፣ ጠረኑም ወረቀቱ ላይ ቀረ። ይህ አያስገርምም፤ ጥቁር አዝሙድ ሲጨመቅ ቅባቱ ቲሞኪኖን የተባለውን ተናኝ ክፍል በውስጡ ይዞ ይወጣል። ሁለቱም ዓይነት በአንድ ጠርሙስ ነው ያለው። አንዳንድ ሰው ተቀብቶት ቆዳው የሚቀላውና የሚያሳክከው በዚህ ሳቢያ ነው።

የወረቀቱ ሙከራ ዓይነቱን ይለያል እንጂ ንጽሕናውን አይመሰክርም። ኑግ ተብሎ የተሸጠው ውስጥ የፓልም ዘይት መኖሩን ለመጠርጠር የእኛ ሰፈር ብርድ ይረዳል። በኅዳር ሌሊት ጠርሙሱን ደጅ ያሳድሩት፤ ፓልም ሲበዛበት ይደፈርሳል፣ ከታች ይረጋል፤ ኑግ ግን ፈሳሽ እንደሆነ ያድራል። ፍንጭ ነው እንጂ የላብራቶሪ ምርመራን አይተካም።

ዘይት ቆዳን የሚያለሰልሰው እንዴት ነው?

የላይኛውን የቆዳ ሽፋን እንደ ድንጋይ ግድግዳ ያስቡት። ድንጋዮቹ የሞቱ ጠፍጣፋ ሕዋሳት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ጭቃ ደግሞ ቆዳው ራሱ የሚሠራው ቅባት ነው። ጭቃው ሲሳሳ ግድግዳው ያፈስሳል፤ ከውስጥ ያለው ውኃ ወደ ውጭ ይተናል፤ ቆዳው ይነጣል፣ ይሰነጠቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ እኛ ከእንጦጦ ጀርባ ያለነው ደግሞ ከዚያም ከፍ እንላለን። በበጋ አየሩ ደረቅ ነው። በዚያ ላይ በሳሙና አጥብቀን ስንታጠብ ጭቃውን አብረን እናጥበዋለን።

ብዙ ሰው ዘይት ለቆዳ ውኃ የሚሰጥ ይመስለዋል። ዘይት ውስጥ ውኃ የለም። ሥራው የድስት ክዳን ሥራ ነው፤ ያለው እንዳይተን ይከድናል። ደረቅ ድስት ቢከደን ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ዘይት የሚቀባው ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ነው፤ ታጥበው በፎጣ መታ መታ አድርገው፣ ሳይደርቅ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ። መጠኑም ብዙ አይደለም፤ ለሁለት ክንድ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ጎረቤቴ ቀኑን ሙሉ ነፋስ ሲያደርቀው በዋለ እጇ ላይ ማታ ነበር የምትቀባው፤ ይህን አንድ ልማድ ብቻ ለወጠች።

ቫዝሊን የተፈጥሮ ዘይት አይደለም፤ ከነዳጅ የተጣራ ነው። ይሁን እንጂ እንደ ክዳን ከሆነ የሚወዳደረው የለም። ከቆዳ የሚተነውን ውኃ ከ98 ከመቶ በላይ ይቀንሳል፤ ሌሎች ቅባቶች ከ20 እስከ 30 ከመቶ ገደማ ነው የሚቀንሱት። ለተሰነጠቀ ተረከዝ «ኬሚካል ነው» ብሎ ቫዝሊን ጥሎ ውድ ዘይት መግዛት፣ በእኔ እምነት ገንዘብ ማባከን ነው።

ታዲያ ተጨማቂ ዘይት ከቫዝሊን በምን ይሻላል? የትኛውስ?

አንዳንዱ ከክዳንነት አልፎ ለጭቃው የሚሆን ጥሬ ዕቃ ያቀብላል። የተክል ቅባት ሁሉ በዋነኛነት የተሠራው ፋቲ አሲድ ከሚባሉ ሰንሰለቶች ነው፤ ለቆዳ ጭቃ ዋነኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው ስለማይችል ከምግብ ያገኘዋል፤ ከተቀባም ቆዳው ይጠቀምበታል። እዚህ ላይ የአገራችን ሀብት ጎልቶ ይታያል። ኑግ መነሻው ኢትዮጵያ ነው፤ ከዘይቱ 70 ከመቶ የሚሆነው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ሊኖሌይክ ነው። የሱፍ ዘይትም በዚህ ረገድ ጥሩ ነው። (በነገራችን ላይ በጾም ፍትፍት የምንበላው ሱፍና በጠርሙስ ታሽጎ የሚመጣው «የሱፍ ዘይት» አንድ ተክል አይደሉም፤ የኋለኛው የሱፍ አበባ ነው፤ ፊቱን ወደ ፀሐይ የሚያዞረው ትልቁ ቢጫ አበባ።)

የወይራ ዘይት በስሙ ታላቅነት ብዙ ሰው ለሕፃን ይመርጠዋል። አብዛኛው ክፍሉ ኦሌይክ አሲድ ነው፤ ኦሌይክ ደግሞ በድንጋዮቹ መካከል ሰርጎ ገብቶ ጭቃውን የማላላት ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ እንግሊዝ አገር በጥቂት ጎልማሶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለሳምንታት የወይራ ዘይት የተቀባው ክንድ የቆዳው መከላከያ ተዳክሞ ተገኝቷል፤ የሱፍ አበባ ዘይት የተቀባው ግን ይህ አልደረሰበትም። ስለዚህ ወይራውን ሰላጣ ላይ ቢጠቀሙበት ይሻላል።

ሰሊጥ ሁለቱንም አሲዶች በተቀራራቢ መጠን ይዟል፤ በውስጡ ያሉ ንጥረ ነገሮች ከመበላሸት ስለሚጠብቁትም ቶሎ አይሻግትም። ሆኖም ለሰሊጥ አለርጂ ያለው ሰው አለ። የሽፈራው ፍሬ ዘይት ኦሌይክ ይበዛበታል፣ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ጉሎ ከሁሉም ይለያል፤ 90 ከመቶ ገደማው ሌላ ዘይት ውስጥ እምብዛም የማይገኝ ሪሲኖሌይክ የተባለ አሲድ ስለሆነ ማር የሚመስል ወፍራም ነው። ለከንፈርና ለፀጉር ጫፍ ይሆናል፤ ያብረቀርቃል፣ መሰበርን ይቀንሳል። ፀጉር የሚያድገው ግን ከቆዳ በታች ካለው ሥሩ ነው፤ የጉሎ ዘይት እዚያ ደርሶ ያሳድጋል የሚለው ማስታወቂያ መሠረት የለውም።

የትኛውንም አዲስ ዘይት ፊት ላይ ከማድረግ በፊት በክንድ የውስጥ ክፍል፣ ክርን መታጠፊያ አጠገብ፣ ሳንቲም በሚያህል ቦታ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ለአንድ ሳምንት ቀብቶ ማየት ነው። ካሳከከ ወይም ከቀላ ይቅር።

ዘይት የማይረዳው፣ እንዲያውም የሚያባብሰው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር፤ ብዙ ሰው በራሱ ላይ የሚጨምረው ችግር ነውና። ፎረፎርና ቋቁቻ ሁለቱም ማላሴዚያ ከተባለ ፈንገስ ጋር የተያያዙ ናቸው። ይህ ፈንገስ በሁላችንም ቆዳ ላይ ይኖራል፤ ምግቡ ቅባት ነው። በላብራቶሪ ሊያሳድጉት ሲፈልጉ የወይራ ዘይት ይጨምሩለታል! እኛስ ራሳችን ፎረፎር ሲያበቅል «ደርቆ ነው» ብለን ዘይት እናርሰዋለን። ለአንድ ቀን ቅርፊቱ ርሶ የጠፋ ይመስላል፤ በሳምንቱ በዝቶ ይመለሳል። መፍትሔው ፋርማሲ የሚገኘው የፎረፎር ሻምፑ ነው።

ብጉር ያለበት ፊት ላይ ወፍራም ዘይት፣ በተለይ የኮኮናት፣ ቀዳዳውን ይደፍናል። ለማድያት ዘይት ምንም አያደርግም፤ ማድያትን የሚያባብሰው ፀሐይ ነው፣ ዘይት ደግሞ ፀሐይ አይከላከልም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጎጂ ጨረር በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ እዚህ ተቀብቶ ፀሐይ መሞቅ ባሕር ዳርቻ ላይ ከመሞቅ የቀለለ አይደለም። ብርድ ስለሆነ ብቻ አይሰማንም። ሕፃን ቅባት ቀብተው ፀሐይ የሚያሞቁ ወላጆችም ቅባቱ ጥላ እንዳልሆነ ይወቁት።

ችፌ ያለበት ልጅ እርጥበት የሚጠብቅ ቅባት ያስፈልገዋል፤ ሽታ ያለውን ሁሉ ግን ያርቁለት። ፈሳሽ እያወጣ ወይም እየቆሰለ ከሆነ ሐኪም ይየው።

በምጣድ ወይም በፈላ ውኃ የተቃጠለ ቆዳ ላይ ደግሞ ዘይትም፣ ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም አይደረግ። ክዳኑ ሙቀቱን ውስጥ ይይዘዋል። የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ጤና ጣቢያ።

የባሕር ዛፍና ሌሎች ተናኝ ዘይቶችን እንዴት መያዝ ይገባል?

ባሕር ዛፍ የገባው በምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ነው። አዲስ አበባ ማገዶዋን ጨርሳ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር፤ ቶሎ የሚያድገው ዛፍ ከተማዋን አቆያት። እንጦጦንና አካባቢውን የሸፈነው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። በዘይቱ ውስጥ የሚበዛው ሲኒዮል የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ አፍንጫ የሚከፍት የሚመስለው፣ በጉንፋን ከረሜላ ውስጥም የሚገባው እሱ ነው።

ሲዋጥ መርዝ ነው። አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ትንሽ ልጅን ራሱን ሊያስተው፣ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። በሕፃን አፍንጫ ወይም ፊት አጠገብ መቀባትም ትንፋሹን ሊያውክ ስለሚችል አይደረግም። ልጅ ከጠጣው አያስታውኩት፤ ወደ ሳንባ ከገባ የባሰ ነው። ጠርሙሱን ይዘው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

አዋቂ ሰው ቆዳው ላይ ሊጠቀም ከፈለገ በተጨማቂ ዘይት አቅጥኖ ነው። በ30 ሚሊ ሊትር የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ውስጥ 6 ጠብታ ቢገባ 1 ከመቶ ገደማ ይሆናል፤ ለአብዛኛው ነገር ይበቃል። በውኃ አይቀጥንም፤ ከላይ ይንሳፈፍና ያንኑ ያልቀጠነ ዘይት ቆዳ ላይ ያደርሳል።

ከፀሐይ ጋር ተጣምረው የሚያቃጥሉም አሉ። ጤና አዳምና የሎሚ ልጣጭ ጭማቂያቸው ውስጥ ለፀሐይ ጨረር የሚነቃ ንጥረ ነገር አለ። ጠዋት ተቀብተው ፀሐይ ላይ የዋሉበት ቆዳ በማግስቱ ውኃ ሊቋጥር፣ ከዚያም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ለማድያት ሎሚ የሚቀቡ ሰዎች ጥቁረቱ ሲጨምር ሎሚው እንዳነሰ ይመስላቸውና ይጨምራሉ።

የዕጣን ዘይት «ቦስዌሊክ አሲድ አለው» ተብሎ ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲሸጥ አይቻለሁ። አሲዱ ሙጫው ውስጥ አለ። ነገር ግን ከባድ ስለሆነ ከእንፋሎት ጋር አይወጣም፤ ተኖ በወጣው ዘይት ውስጥ አይገኝም። ጠረኑ ጥሩ ነው፤ ለጠረኑ ይግዙት።

ለወባ ትንኝ ከሆነ ጠጅ ሣርም ሽቶ ባሕር ዛፍም ያባርራሉ፤ ግን ስለሚተኑ ሥራቸው አጭር ነው። ቆላ የሚወርድ ሰው በእነሱ ተማምኖ አጎበር አይተው።

አንዱ ዘይት ሲደርቅ ሌላው ለምን አይደርቅም?

አሁን ወደ ቤት ዕቃው እንምጣ። ተጨማቂ ዘይቶች ከአየር ጋር ሲገናኙ አንድ አይሆኑም፤ ሰንሰለቶቻቸው ውስጥ ኦክስጅን የሚይዝ «መንጠቆ» አለ። መንጠቆው ሲበዛ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ዘይቱ ወደ ጠንካራ ሽፋን ይለወጣል። ተልባ መንጠቆው ብዙ ነው፤ ቀለም ሠዓሊዎች ለዘመናት የተጠቀሙበት በዚህ ነው። ኑግ መካከለኛ ነው። ጉሎ ጭራሽ አይደርቅም ማለት ይቻላል።

እናቶቻችን ይህን ኬሚስትሪ ስም ሳይሰጡት ሠርተውበታል። አዲስ ምጣድ ሲሟሽ የተወቀጠ ጎመን ዘር በጨርቅ እየተቀባ ሲግል ምን ይሆናል? ሙቀቱ የቅባቱን ሰንሰለቶች ቶሎ ያያይዛቸዋል፤ የሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳ ይደፈናል፤ ጥቁርና ለስላሳ ሽፋን ይበጃል። እንጀራው የሚለቅቀው በዚህ ሽፋን ነው። ሲሟሽ ቅባቱ በስሱ ደጋግሞ ነው የሚቀባው፤ በአንድ ጊዜ ከፈሰሰበት ላዩ ያጣብቅና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ምጣዱን በሳሙና የሚፈገፍግ ሰው የሠራውን ሽፋን ራሱ ያፈርሳል።

በር ሲንቋቋ ማጠፊያው ላይ የወጥ ዘይት ጠብ የሚያደርግ ሰው ደግሞ ተቃራኒውን ያገኛል። ለሳምንት ዝም ይላል፤ ከዚያ ዘይቱ እየተያያዘ፣ አቧራ እየሰበሰበ ሙጫ ይሆንና በሩ ከበፊቱ የባሰ ይከብዳል። ለማጠፊያ፣ ለቁልፍና ለስፌት መኪና የማይደርቅ ዘይት ነው የሚፈለገው፤ የማሽን ዘይት ከሌለ ጉሎ። ካስትሮል የሚባለው የሞተር ዘይት ስሙን ያገኘው ከጉሎ ዘይት የእንግሊዝኛ ስም ነው፤ በጥንቱ ሞተሮች ውስጥ ይገባ ነበርና።

ለመክተፊያና ለእንጨት ወንበር ተልባ ጥሩ ነው፤ ስስ አድርጎ ቀብቶ፣ ትርፉን ጠርጎ፣ ቀናት መተው ነው። ከቀለም መሸጫ የሚገዛው የተልባ ዘይት ግን ቶሎ እንዲደርቅ የብረት ውህድ ሊጨመርበት ስለሚችል ምግብ የሚነካ ዕቃ ላይ አይሁን።

የጠረጉበትን ጨርቅ ጨምድደው አይጣሉት። ዘይቱ ኦክስጅን ሲይዝ ይሞቃል፤ ጨርቁ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ማንም ክብሪት ሳይጭር በራሱ ይነዳል። እ.ኤ.አ. በ1991 ፊላደልፊያ ውስጥ 38 ፎቅ ያለው ሕንፃ የተቃጠለው እንጨት ሲያድሱ በተተወ የተልባ ዘይት ጨርቅ ነው፤ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። በጠባብ ግቢ፣ በቆርቆሮ አጥር አጠገብ ለምንኖር ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጨርቁን ዘርግተው ከቤት ውጭ ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

ሽምብራና ባቄላ ነቀዝ እንዳይበላውም ተጨማቂ ዘይት ይረዳል፤ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ በደንብ ከታሸ ነቀዟ ቅርፊቱ ላይ የጣለችው እንቁላል ይታፈናል። ለዘር የተቀመጠው ላይ ባይደረግ ይሻላል፤ ብቅለቱን ሊቀንሰው ይችላል።

ጉሎ መርዝ አይደለም እንዴ?

ፍሬው አዎ። ሪሲን የሚባል መርዝ አለው፤ ጥቂት ፍሬ ያኘከ ልጅ ሊሞት ይችላል። ሪሲን ግን ውኃ እንጂ ቅባት ውስጥ አይሟሟም፤ ሲጨመቅ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል፤ በአግባቡ የተጣራ ዘይት ነጻ ነው። ስለዚህ የጉሎ ፋጉሎ ለከብት አይሰጥም፤ ጉሎን ከግቢ ዛፍ ለቅሞ ቤት ውስጥ መጭመቅም አይመከርም። ነፍሰ ጡር ሴት የጉሎ ዘይት አትጠጣ፤ ማሕፀንን ያኮማትራል።

ዘይቱን የት ላስቀምጠው? መበላሸቱንስ በምን አውቃለሁ?

ምጣዱን የሚያለብሰው ያው መያያዝ ጠርሙስ ውስጥም በዝግታ ይቀጥላል፤ ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ያፋጥኑታል። መንጠቆው የበዛው ቀድሞ ይበላሻል፦ ተልባ በጣም ቶሎ፣ ኑግና ሱፍ ቀጥለው፣ ሰሊጥና ሽፈራው ዘግይተው። የቆየ ዘይት ሽታው የድሮ ቀለም ወይም የከረመ ፍሬ ይመስላል፤ ሲነካ ይጣበቃል። እንዲህ የሆነ ዘይት ቆዳን ያስቆጣል፤ አይቀባም። ድንች የተጠበሰበትም እንዲሁ።

ትንሽ ትንሽ መግዛት፣ በጠቆረ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልቶ በቁም ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ፣ የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ መጻፍ ነው። መስኮት ላይ የተደረደረ ጠርሙስ ያምራል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያሽቱት። ጎረቤቴ ኑጉን ለክንዷና ለእግሯ አስቀረችው። ጥቁር አዝሙዱን ለምግብ ወሰደችው። የባሕር ዛፉን ክዳኑን አጥብቃ፣ ከልጁ እጅ በማይደርስ የላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው፤ «አይጠጣም፣ ሕፃን አይነካም» ብላም በራሷ እጅ ጻፈችበት።